ውሃ የማይመታበት ወንዝ

ባለፈው ሰሞን የአባቴን ስፌት መኪና ዘይት ላጠጣ የታችኛውን መሳቢያ ስከፍት፣ ከተሰበሩ መርፌዎችና ክራቸው ካለቀ ማጠንጠኛዎች መካከል አንድ ቡሽ አገኘሁ። ቡሹ ላይ ትንሽ መንጠቆ ተሰክቷል። መንጠቆው ላይ ነጠብጣብ ያለው የጅግራ ላባ በቀይ ክር ተጠቅልሏል። አንስቼ ሳሸተው የመኪና ዘይት፣ የጨርቅ አቧራ፣ ከእነዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ምናልባት እኔ ብቻ የማውቀው የጭስና የጨው ሽታ ነበረው። የዘይቱን ጠርሙስ አስቀመጥኩና እዚያው የአባቴ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። መኪናው ዘይቱን ሳይጠጣ መሸ።

መንጠቆው የታሰረበት ጊዜ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ የእኔም ዕድሜ "በእኛ ጊዜ" ለማለት የሚያስደፍር አይደለም። ግን አሶሳ ቶሎ የምትለወጥ ከተማ ናት፤ ጥቂት ዓመት ዞር ብለው ሲያዩ የሌላ ሰው ከተማ ትመስላለች። ያኔ ባጃጅ ብርቅ ነበር፤ ሰው ገበያ የሚሄደው በእግሩ፣ የሚመለሰውም በእግሩ ነው። ከገበያው ዳር፣ በአንድ ረጅም የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። አባቴ አጠይብ ከወዲህኛው ጫፍ ሁለተኛው ነው። ለሽማግሌዎች ነጭ ጀለቢያ፣ ለተማሪዎች ሰማያዊ ሱሪ ይሰፋል። ፊት ለፊት ሜሞሪ የሚሞላ ሱቅ ነበር፤ የስልክ ሜሞሪ ሰጥተው ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ በሱዳን ዘፈን ተሞልቶ ያገኙታል። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ከበሮና አንድ ዓይነት ክራር ስለሚሰማ የልብስ ሰፊዎቹ እግር ሳያውቀው በዚያው ምት መኪናውን ይረግጥ ነበር። አሮጊቶቹ ብርቱካናማና አረንጓዴ ቶብ ተከናንበው ያልፋሉ። ማንጎ የደረሰ እንደሆነ ደግሞ ከተማው ሁሉ ይጣፍጣል፤ ባልዲ ሙሉ ማንጎ ሁለት ብርጭቆ ሻይ በማይሞላ ዋጋ ይሸጣል፤ የማይገዛው ሰው ደጃፉ ላይ የወደቀውን ያነሳል። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ማንጎ በፍሬ ይሸጣል፤ ሻጯም ስትነኩባት ትቆጣለች።

እኔ ባሌ ሮቤ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ገና መመለሴ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ከክፍል ውጭ ለተግባር ትምህርት ወደ ተራራው ወስደውን አንድ ሰው ከጠባብ ወንዝ ዓሣ ሲያወጣ አይቼ ነበር። ትራውት ይባላል አሉን። ድሮ ከሌላ አገር አምጥተው የለቀቁት ዓሣ ነው፤ ውሃው ካልቀዘቀዘና ካልጠራ አይኖርም። ሰውየው መንጠቆው ላይ ትል አልሰካም፤ ላባ ነው ያሰረው። ይህን ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ በደወለ ቁጥር ስለ ውጤቴ ጠይቆኝ አያውቅም። ሰላምታውን እንደጨረሰ፣ "ወንዙስ ዛሬ እንዴት ነው?" ይላል። ብርዱ ከብዶኝ የማለቅስበት ቀን ነበር፤ እሱ ግን ወንዙን ሲጠይቀኝ ለመመለስ ስል እንኳ ወጥቼ አያለሁ። አባቴ የዳቡስ ወንዝ ሰው ነው። በበርታዎች ዘንድ ዳቡስ ዳር ያደገ ሰው ዓሣ አይመኝም፤ ዓሣ ቤቱ ነው። እሱ ግን ሙቀት የሚገድለው፣ ብርድ የሚያሰባው ዓሣ አለ መባሉን ሊያምንም ሊተወውም አልቻለም።

ዘመዶቻችን ሴት ልጅ ያን ያህል ርቃ እንድትማር መፍቀዱን አልወደዱለትም። ተመርቄ መጥቼ ሥራ ሲዘገይብኝ ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቆይታ ምን ይዛ መጣች የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይዞር ጀመር። አባቴ ሰምቶ መኪናውን መርገጡን ይቀጥል ነበር። አንድ ቀን ግን በልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ፊት አንዱ ዘመዳችን ያንኑ ደገመው። አባቴ መኪናውን አቆመና፣ ልጄ የደጋውን ዓሣ ወንዝ ታውቃለች፤ ወንዙን እሷ ትመርጣለች፤ እኔ ዓሣውን ይዤ መጥቼ አቀምሳችኋለሁ አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩ ከዓሣ አለፈ። እኔ ግን ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ልጅ ነበርኩ።

ጋሽ ይማምን እዚህ ላይ ላስተዋውቃችሁ። ዳቡስ ላይ ከአባቴ ጋር የሚያጠምድ ጓደኛው ነው። በሰፈራው ጊዜ በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ በርበሬ እያመረተ የሚሸጥ፣ አሽሙር የማያልቅበት ሰው። የአባቴን ፉከራ ሲሰማ መጣና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። "ዳቡስን ትተህ ባሌ?" አለው። "ኧረ ቀስ በል፣ ያገርህ ዓሣ አምባዛው ሰምቶ እንዳይቀየምህ።" ግን በዚያው ቀን ማታውኑ አብሮን እንደሚሄድ ተናገረ። መሄጃውም ተገኝቶ ነበር። የእናቴ ወንድም ባበክር በአይሱዙው ማንጎ ወደ አዲስ አበባ ያደርስና፣ ከዚያ ወደ ሮቤ አልፎ ስንዴ ጭኖ ይመለሳል። ስንዴው እስኪጫን አንድ ቀን ነው ያለው። አንድ ቀን፣ አንድ ወንዝ፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ወንዙን መምረጥ የጀመርነው በአባቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለአንድ አስተማሪ ሱሪ የሚሆን ጥቁር ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር። አባቴ የጨርቅ ጠመኔውን ሰጠኝና "ሣል" አለኝ። ከእኔ ጋር በበርታ ቋንቋ ነው የምንነጋገረው፤ ጋሽ ይማም ሲኖር ግን እንዳይከፋው ወደ አማርኛ ይመለሳል፤ በአባቴ አማርኛ ደግሞ አንቺ የሚባል ነገር የለም፤ ሁላችንም ወንዶች ነን። ሣልኩ። ትልቁን ወንዝ ዌብን ወፍራም አድርጌ፣ ወደ ሮቤ የሚወርደውን ሻያን መካከለኛ፣ ከተራራው ወርዶ ዲንሾ አጠገብ ዌብ ውስጥ የሚገባውን ዳንካን ደግሞ ቀጭን። አባቴ፣ ጋሽ ይማምና ባበክር ጎንበስ ብለው አዩ።

"ትልቅ ውሃ፣ ትልቅ ዓሣ" አለ አባቴ፣ ጣቱን ዌብ ላይ አድርጎ።

ጋሽ ይማም በዚያ ወራት እዚያ ዝናብ መኖሩን ጠየቀኝ። አለ አልኩት። ውሃው ከደፈረሰማ ሠርግ ነው አለ፤ አባቴም ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነበሩ፤ ዳቡስ ሲደፈርስ አምባዛ እስከ ዳር ይመጣል፣ ሆዱ ያየውን ሳይሆን የሸተተውን ይከተላል። ትራውት ግን በዓይኑ ነው የሚያድነው። ውሃው ከደፈረሰ ላባችንን አያየውም። ዌብና ሻያ ከታረሰ መሬት አፈር እየጠረጉ ስለሚወርዱ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቡና ይመስላሉ፤ ዳንካ ግን ከድንጋይና ከሣር መካከል ስለምትመጣ አድራ ትጠራለች። ይህን ሁሉ በልቤ አስተካክዬ ደረደርኩት። ከአፌ የወጣው ግን "ዳንካ ይሻላል" ብቻ ነበር፤ እሱንም ጎረቤታችን ያለው ስፌት መኪና ዋጠው።

"ምን አለች?" አለ ጋሽ ይማም።

"ትንሹን ነው የምትለው" አለ ባበክር።

"ያቺን? ያቺማ መቀነት ናት፤ በማን ወገብ ልትታሰር ነው?"

ሳቁ። አባቴ አልሳቀም፤ ግን ደርሰን እናየዋለን ብሎ ጨርቁን ማራገፍ ጀመረ። ጠመኔው በደንብ አልረገፈም። ሱሪው ተሰፍቶ ሲያልቅ ዳንካ በግራ ጉልበቱ ላይ ደብዘዝ ብላ ቀርታ ነበር፤ አስተማሪው ሳያውቅ እስኪታጠብ ድረስ ለብሷት ዞረ። ማታ አባቴ ላምፓዲናውን አስይዞኝ፣ ያየሁት ላባ እንዴት እንደታሰረ አንድ በአንድ እየጠየቀኝ፣ የጅግራ ላባ በጀለቢያ መስፊያ ክር መንጠቆ ላይ አሰረ። የክሩን ጫፍ በጥርሱ ሲበጥስ ቁልፍ የሚተክል እንጂ ዓሣ የሚያጠምድ አይመስልም ነበር።

የሄድንበትን መንገድ ዛሬ ሳስበው፣ መንገድ ብቻውን እንኳ ድግስ የነበረበት ጊዜ ነው እላለሁ። በሦስት ሰው ወንበር አራት ሆነን፣ ከኋላችን ማንጎው እየሸተተ፣ ባምባሲ ላይ ሻይ ጠጥተን፣ ዳቡስን በድልድዩ ስንሻገር አባቴና ጋሽ ይማም እንደ ዘመድ አንገታቸውን አውጥተው ሰላም ብለውት፣ በወለጋ አረንጓዴ ጋራ መካከል በሰላም አለፍን። ማንም አላስቆመንም፤ ማንም ሰዓት አላየም። ዲንሾ ስንደርስ መሽቷል። ባበክር በማግስቱ ሲመሽ እንደሚወስደን ነግሮን ወደ ሮቤ ቀጠለ። አባቴ ከመኪናው ሲወርድ በጀለቢያው ላይ የተዋሰውን ካፖርት ደርቦ፣ ራሱን በእናቴ ሻሽ ጠቅልሎ ነበር። ከአፉ የሚወጣውን እንፋሎት እያየ ደጋግሞ ይተነፍስ ጀመር። ጋሽ ይማም ግን ከመኪናው እንደወረደ እዚያው ቆሞ ቀረ። ምን ሆንክ ሲባል፣ "ይህን ብርድ አውቀዋለሁ" አለ። "ልጅ ሆኜ ትቼው የመጣሁት ነው። እዚህ ተቀምጦ ጠበቀኝ።" የዚያን ማታ ሌላ ቀልድ አልቀለደም።

ጠዋት የማጥመጃ ፈቃድ ከወሰድን በኋላ የሄድነው ወደ ዌብ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ወንዙ ሰፍቶ፣ ደፍርሶ፣ እያጉረመረመ ይወርዳል። አባቴ ሲያየው ፊቱ በራ። ውሃ ማለት ይህ ነው አለ። እኔም ዳንካ አልኩ፤ ለራሴ። የማጥመጃ ሸምበቆውን ዘረጋ፣ ከአሶሳ የያዘውን ዱላ አንስቶ እንደ ልማዱ የውሃውን ዳር ሦስት ጊዜ በኃይል መታ፣ "ቢስሚላህ" ብሎ ጣለ። ረፋዱ አለፈ። ጋሽ ይማም ላባውን ትቶ ትል ሞከረ፤ ከዚያም ሥጋ ሞከረ። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ፣ "ዓሣው ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው" አለ። አባቴ ክሩን ስቦ መልሶ ጣለ። የሰው ጨርቅ አጥብቦ የቆረጠ ቀንም እንዲህ ቀና ሳይል ነው የሚሠራው። መደዳውን እያሰበ ነበር። እኔም አሰብኩት፤ ባዶ እጁን ከአይሱዙው ሲወርድ፣ ዘመዶቻችንም ምንም ሳይናገሩ ሲያዩት። ያ ሥዕል ከዓይን አፋርነቴ ይልቅ አስፈራኝ። ተነሳሁና፣ "አባ፣ ወደ ዳንካ እንሂድ" አልኩት፤ በዚህ ጊዜ ወንዙ እያጉረመረመ እንኳ ተሰማሁ። ቀና ብሎ አየኝና ክሩን መጠቅለል ጀመረ።

ዳንካ በእርግጥ መቀነት ናት። ግን እንዴት ያለች መቀነት። ውሃዋ ስለጠራ ድንጋዩን አንድ በአንድ ያሳያል። የመጀመሪያው ኩሬ ጋ ስንደርስ ጋሽ ይማም ክንዴን ያዘኝ፤ ከድንጋዩ በላይ፣ አፉን ወደ ወራጁ አዙሮ፣ ጅራቱን ብቻ በቀስታ የሚያወዛውዝ ዓሣ ቆሟል። ከጎኑ ሌላ። አባቴም አየ። ከዚያ ዱላውን አንስቶ ውሃውን ሦስት ጊዜ መታ። ኩሬው ባዶ ሆነ።

ይህን የማያውቅ ሰው አባቴን ሞኝ ሊለው ይችላል። አባቴ ልጅ ሳለ ዳቡስ ዳር አዞ ባቱን ይዞት፣ ሰዎች ጎትተው አስጥለውታል፤ ጠባሳው ዛሬም የተሰፋ ከረጢት ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ሳይመታ ውሃ ቀርቦ አያውቅም። እኔንም መራመድ እንደቻልኩ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ምታ፣ ጠብቅ፣ ከዚያ ቅረብ። አምባዛ ደግሞ ድምፅ ግድ አይሰጠውም፤ ስለዚህ በዚህ ሁሉ ዓመት ዱላው ዓሣ አሳጥቶት አያውቅም። ወደ ሁለተኛው ኩሬ ወጣን። እዚያም ዓሣ ነበር። እዚያም እጁ ራሱ ተነስቶ መታ። ለምን እንደሚጠፉ አልገባውም፤ የደጋ ዓሣ ዓይነ ጥላ አለበት እንዴ አለኝ በበርታ፣ እያዘነ። ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራለች። ባበክር ስንዴውን ጭኖ ተነስቶ ይሆናል።

ሦስተኛው ኩሬ ጋ ዱላው ሲነሳ ጫፉን ያዝኩት።

"አባ፣ አትምታው።"

ዞሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነው። "ሳይመታ ውሃ አይቀርብም" አለኝ፤ ጋሽ ይማም እንዲሰማ በአማርኛ። "ይሄ እኔ ነው ያስተማርኩህ።"

"ዳቡስ ላይ አዎ። እዚህ አዞ የለም አባ። እዚህ የሚፈራው ዓሣው ነው። ድምፃችንን ከሰማ ይሄዳል፤ ጥላችንን ካየ ይሄዳል። ዱላውን ለእኔ ስጠኝ። ተንበርከክ።"

በአንድ ትንፋሽ ያን ያህል ቃል ለሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ የመጨረሻው ደግሞ ትእዛዝ ነው፤ የታዘዘው አባቴ ነው። ጋሽ ይማም ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቀድሞ ሣሩ ላይ በጉልበቱ ተቀምጦ፣ "አጠይብ፣ ዳኛዋ ፈርዳለች" አለ በሹክሹክታ። "ይግባኝ የለውም።"

አባቴ ኩሬውን አየ። ባቱን በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ ዱላውን ለቀቀልኝ። ካፖርቱን ሰብስቦ ተንበረከከ፤ በጉልበቱ ሁለት እርምጃ ያህል ተጠጋና፣ ቢስሚላህን በከንፈሩ ብቻ ብሎ ላባውን ከድንጋዩ በላይ ጣለው። ላባው ውሃው ላይ እንደ ዝንብ ተንሳፍፎ ወረደ። አንድ ጊዜ ባዶውን አለፈ። ሁለተኛ ጣለው። ከሥር አንድ ነገር አብረቀረቀ፣ ላባው ጠፋ፣ ሸምበቆው ጎበጠ።

አባቴ አልጮኸም። ዓሣውን ደረቱ ላይ አቅፎ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ብርዱ በካፖርቱ ሲገባ ይስቅ ነበር። የዓሣው ጎን ላይ ቀይ መስመር ተጋድሞበታል፣ ጀርባው በነጠብጣብ ተሞልቷል። "ጅግራ ነው" አለ። "ወላሂ፣ ጅግራ ነው፤ ውሃ ውስጥ ያለ ጅግራ።" ከዚያ ሸምበቆውን ወደ እኔ ዘረጋ። እኔም ተንበርክኬ ጣልኩ፣ ያዝኩም። እስኪመሽ ድረስ ከኩሬ ወደ ኩሬ በጉልበታችን ወጣን፤ ተራ በተራ እያጠመድን፣ እየሳቅን፣ እርስ በርሳችን ዝም እየተባባልን። ጋሽ ይማምን ከሁሉ ትልቁ አመለጠው፤ ያ ያመለጠው ዓሣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያድጋል፤ ዘንድሮ ክንድ አልፏል። ሻይ ቤት ያላት የዲንሾ ሴት ምድጃዋን ፈቀደችልን፤ አባቴ ይዞት በመጣው ጨው አሽቶ በጭስ አደረቀው፤ እንደ ዳቡስ ዓሣ። ባበክር አምሽቶ ደርሶ ጡሩምባ ሲነፋ አባቴ የዓሣውን ዘንቢል ከፍ አድርጎ አሳየው፤ በመኪናው መብራት ውስጥ ቆሞ፣ በእናቴ ሻሽ፣ እንደ ሙሽራ።

አሶሳ የደረስነው በገበያ ቀን ነው። አባቴ ቤት አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ጥላ ሄዶ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርጎ፣ ዓሣውን በጨርቅ መቀስ ቁርጥ ቁርጥ አደረገው። ለእያንዳንዱ ሰው ጣት የማታህል ቁራጭ ደረሰችው። ልብስ ሰፊዎቹ መኪና አቆሙ፤ ሜሞሪ የሚሞላውም ዘፈኑን ቀነሰ። ያ ዘመዳችንም መጣ፤ ተቀበለ፣ አኘከ፣ ሥጋው መልኩ እንደ በሰለ ማንጎ ነው አለና ሌላ ቁራጭ ጠየቀ። አባቴ ቆረጠለት። ሲሰጠው፣ ወንዙን የመረጠው ይህ ነው ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ፤ በዚያ ሁላችንም ወንዶች በሆንንበት አማርኛው። ዘመዳችን አየኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት መሬት አይ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኑን አየሁትና ስለ ሦስቱ ወንዞች፣ ዳንካ ለምን አድራ እንደምትጠራ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ስፌት መኪናዎቹ ቆመው ስለነበር ሁሉም ሰማ። ከዚያ በኋላ፣ ምን ይዛ መጣች ያለ ሰው አልሰማሁም።

ዛሬ የቆርቆሮው ጥላ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ልብስ ሰፊዎቹም ተበትነዋል። አባቴ ዓይኑ ስለደከመ መኪናው ቤት ገብቷል፤ ዘይት የማጠጣው እኔ ነኝ። ሥራ ይዤአለሁ፤ ስብሰባ ላይ ዛሬም ብዙ አልናገርም። መንጠቆውን ያገኘሁ ሰሞን ግን ሁለቱንም ሽማግሌዎች ይዤ ዳቡስ ወረድኩ። ወንዙ ደፍርሶ፣ ሰፍቶ፣ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር። ጋሽ ይማም አምባዛው እስከ ዛሬ እንዳልታረቀን እየተናገረ ወደ ኋላ ቀረ። አባቴ ዳሩ ጋ ደረሰ፤ ዱላውን አነሳ፤ አየር ላይ አቆመውና ዞሮ አየኝ። ከዳንካ ወዲህ በሄድንበት ውሃ ሁሉ፣ ጅረትም ይሁን የሰፈር ኩሬ፣ ሳይጠይቀኝ መትቶ አያውቅም።

"ይመታ?" አለኝ።

"ምታው አባ፣ ይሄ ዳቡስ ነው" አልኩት። ከዱላው በፊት ማዶ የደረሰው የእኔ ድምፅ ነበር።